ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ዳኛው ምን ይጠይቃል?



በካይሮ በስደት የምትኖሩ ሁሉ «ነገሩ በሽማግሌ አለቀ» የሚለውን ቃል ሳትሰሙት አትቀሩም። ዓርብ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዛማሌክ ተሰብስበን ስንጨዋወት የብድር ጠብ፣ የቤት ኪራይ ክርክር፣ የባልና ሚስት ቅያሜ በሁለት ወይም በሦስት ታላላቆች ፊት ሲበርድ አይተናል። ይህ ልማድ ከአገራችን ይዘነው የመጣን ቅርስ ነው፤ የባዕድ አገር ፍርድ ቤት ደጅ ለመርገጥ ወረቀቱም ቋንቋውም ለማይሞላለት ሰው ደግሞ ከቅርስም በላይ ነው። ሆኖም ሽምግልና እጁን የዘረጋበት፣ መዘርጋቱም ብዙ እንባ ያስከተለበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በሴት ወይም በሕፃን አካል ላይ በግፍ የሚፈጸም በደል ነው። በተለይም በደሉ ያረጀ ሲሆን፣ ማለትም ዐሥር ወይም ሃያ ዓመት ካለፈው፣ «አሁን ምን ይጠቅማል? ተስማሙና ይብቃ» የሚለው ድምፅ ይበረታል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አብረን የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁለት ወገኖች ተስማምተው ወደ ዳኛ ሲቀርቡና «ቅጣቱ ይህን ያህል ይሁን» ወይም «ቅጣት አያስፈልግም» ሲሉ፣ ዳኛው ቃላቸውን ምን ያህል ይቀበላል? ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስጽፍ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን የተረቀቀ፣ በዘመኑ በአፍሪካ ከተደነቁት ሕጎች አንዱ ነበር። በአንቀጽ 589 አስገድዶ መድፈርን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት ገጾች ወረድ ብሎ በአንቀጽ 599 ሌላ በር ይከፈታል፤ የተበደለችው ሴት በፈቃዷ ከበዳይዋ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች፣ ጋብቻውም ካልፈረሰ፣ ክሱ አይቀጥልም። ስለ ጠለፋ የሚናገረው አንቀጽ 558ም ተመሳሳይ በር ነበረው። ልብ በሉ፤ ሕጉ «በፈቃዷ» ይላል። ቃሉ በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ፣ ክብርሽ ተነካ ተብላ፣ አባቷ አፍሮ፣ ሽማግሌዎች ጥሎሽ ተቀብለው በተቀመጡበት ቤት ውስጥ ፈቃዷን ማን ጠየቃት? ፈቃድዋን የሚመረምር ዳኛ ሳይኖር የቤተ ሰቡ ስምምነት እንደ እርሷ ስምምነት ተቆጠረ። በእኔ አመለካከት የዚያ ሕግ ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር፤ ጋብቻውን ሳይሆን ምርመራውን አስቀረ።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ነውር እንዳልነበረ ማወቅ ተገቢ ነው። አሁን በምንኖርባት ግብፅ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 291 ጠላፊው ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት ነጻ ያደርገው ነበር፤ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቱኒዚያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ በ2017 ተከተሉ። በካቶሊካዊቷ ኢጣልያም ቢሆን የ1930ው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 544 እንዲሁ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 በሲሲሊ ደሴት፣ አልካሞ በምትባል ከተማ፣ የ17 ዓመቷ ፍራንካ ቪዮላ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋም እንደ ልማዱ «የማስተካከያ ጋብቻ» አቀረበላት። እርሷ እንቢ አለች፤ አባቷም ከጎኗ ቆመ። የቤተ ሰቡ ማሳ ተቃጠለ። ነገር ግን ጉዳዩ በትራፓኒ ፍርድ ቤት ቀረበና ጠላፊዋ በ1966 11 ዓመት ተፈረደበት፤ በይግባኝ 10 ዓመት ሆነ። ፍራንካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወደደችውን ሰው አገባች፤ በዚያው ዓመት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ባልና ሚስቱን ተቀብለው አነጋገሩ። ሕጉ ግን እስከ 1981 አልተሻረም። እንቢ ማለት የቻለች አንዲት ልጅ ሕጉን ከመሻሩ 15 ዓመት አስቀድማ ከንቱ አድርጋዋለች ማለት ነው።

ወደ አርሲ እንመለስ። በ1989 ዓ.ም. አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ከተዘጋባት ቤት ስታመልጥ በደረሰባት ሰው ላይ ተኩሳ ገደለችው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ቤተ ሰቧ ካሣ እንዲከፍልና እርሷ ከመንደሩ እንድትርቅ ወሰኑ። በመደበኛው ፍርድ ቤት ግን የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከላከለላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዷ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ታሪኩ «ድፍረት» በሚል ርእስ በፊልም ተሠርቷልና ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ያነሰ የሚታወቀውና ለጥያቄያችን የሚቀርበው ግን ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው አርሲ የሆነው ነው። በ1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ፖሊስ አስለቀቃት፤ ሰውየው በዋስ ወጣ፤ ዳግመኛ ጠለፋት፤ በዚህ ጊዜ አንድ ወር ያህል ደብቆ አቆያትና የጋብቻ ውል እንድትፈርም አስገደዳት። ያ ወረቀት «ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ነበር። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የወረዳው ፍርድ ቤት ወረቀቱን አልተቀበለም፤ ሰውየውን 10 ዓመት፣ አራት ግብረ አበሮቹን እያንዳንዳቸውን 8 ዓመት ፈረደባቸው። በኅዳር 1996 ዓ.ም. የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃድ የተፈጸመ ይመስላል ብሎ ሁሉንም ፈታ። ወደ ላይኞቹ ችሎቶች፣ እስከ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ የቀረበው አቤቱታ ሁሉ ፍሬ አላፈራም።

ጉዳዩ ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ተወሰደ፤ አቤቱታው የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ውሳኔው በ2016 ይፋ ሆነ። ኮሚሽኑ መንግሥት ልጅቱን ከጥቃት አለመጠበቁንና ፍትሕ አለመስጠቱን አረጋግጦ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። ከጠለፋው እስከ ውሳኔው 15 ዓመት ያህል ተቆጠረ፤ ሕፃኗ ሙሉ ሰው ሆናለች። «ያረጀ ጉዳይ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳያየው ያረጀ አይደለም፤ በደጅ ጥናት ያረጀ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሕጉ ተለውጦ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የጋብቻውን በር ዘጋው። አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ይናገራል። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ሲከብድ እስከ 20 ዓመት፣ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ሲያስከትል እስከ ዕድሜ ልክ ያደርሰዋል። ከ13 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ሲሆን አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይላል።

እንግዲህ በሩ ተዘጋ። ሆኖም ስምምነት በሌላ በር ይገባል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149 ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዳኛው ዐቃቤ ሕጉን ስለ ቅጣቱ ማክበጃ ወይም ማቅለያ የሚለው እንዳለው እንዲጠይቅ ያዛል፤ ከዚያም ተከሳሹ መልስ ይሰጣል። ይህን ነው በችሎት ቋንቋ «የቅጣት አስተያየት» የምንለው። አስተያየት ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. እና በ2006 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣቸው የቅጣት አወሳሰን መመሪያዎች ደግሞ የዳኛውን እጅ በደረጃና በእርከን መሩት፤ ለአንድ ዓይነት ጥፋት በአንዱ ችሎት 3፣ በሌላው 12 ዓመት የሚባለውን ነገር ለማስቀረት። በ2003 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ «የጥፋተኝነት ድርድር» የሚባለውን አሠራር አስተዋወቀ፤ ተከሳሹ ያምናል፣ ዐቃቤ ሕግም በምላሹ ቅጣቱ እንዲቀል ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል ይዘው በዳኛው ፊት ይቆማሉ።

እንዲህ ያለውን የጋራ ሐሳብ በተመለከተ በዓለም ላይ ሁለት ታላላቅ ፍርድ ቤቶች በሁለት ዓመት ልዩነት ፈጽሞ የተለያየ መንገድ መርጠዋል። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በባርባሮ ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕግ «ቅጣቱ ከዚህ እስከዚህ ቢሆን» ብሎ ቁጥር ማቅረብ እንኳ እንደማይገባው ፈረደ። ቁጥሩ ያው የአንድ ጠበቃ አስተያየት ነው፤ ቅጣት መወሰን የዳኛው ብቻ ሥራ ነው፤ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ የቱንም ያህል ቢስማሙ ዳኛውን አያስሩትም አለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በአንተኒ-ኩክ ጉዳይ ተቃራኒውን መረጠ። የተከሰሰው ሰው ሳያስብ ሰው በመግደል ጥፋተኝነቱን አምኖ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች 18 ወር ብለው ተስማሙ። የመጀመሪያው ዳኛ አልበቃውም፤ አንድ ቀን የጎደለው 2 ዓመትና የ3 ዓመት ክትትል ጨመረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ 18 ወሩ መለሰው። ዳኛ የጋራ ሐሳብን የሚጥለው፣ ቢቀበለው የፍትሕ ሥርዓቱን ስም የሚያጎድፍ ወይም በሌላ መንገድ የሕዝብን ጥቅም የሚቃረን ሲሆን ብቻ ነው ሲል ደነገገ። «ትንሽ ቀለለብኝ» ማለት አይበቃም። ሊጥለው ካሰበም አስቀድሞ ለሁለቱም ወገኖች ማሳወቅ፣ ሊያስረዱት ዕድል መስጠት፣ ተከሳሹም እምነቱን ማንሳት ይፈልግ እንደ ሆነ መስማት አለበት።

የካናዳው መንገድ ለምን ይህን ያህል ለስምምነት ክብር ሰጠ? ምክንያቱን በቸልታ አንለፈው፤ በተለይ ያረጁ የወሲብ ጥቃት ጉዳዮችን ሲነካ። ተከሳሹ ካላመነ የተበደለችው ሴት ከሃያ ዓመት በኋላ በሰው ፊት ቆማ እያንዳንዱን ነገር ትጠየቃለች። ምስክሮች ሞተዋል፤ የሐኪም ወረቀት ጠፍቷል፤ የመከላከያ ጠበቃው የመጋረጃውን ቀለም ይጠይቃታል፤ ካሳሳተች ውሸታም ትባላለች። ስምምነት ይህን ሁሉ ያስቀርላታል፤ ጥፋተኝነቱም እርግጥ ይሆናል። በሌላ በኩል ግን በዚያ ስምምነት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ዐቃቤ ሕጉና የተከሳሹ ጠበቃ። እርሷ አልተቀመጠችም። ለዚህ ነው ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የተጎጂዎች መብት ሕግ፣ በከባድ ወንጀሎች ስምምነት ሲኖር ተጎጂው እንዲያውቅ ተደርጎ እንደ ሆነ ዳኛው እንዲጠይቅ ያደረገችው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ለአርሲዋ ልጅ ግን አንድ ዳኛ «ይህን ወረቀት ስትፈርሚ ማን አብሮሽ ነበር?» ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

ባረጀ ወንጀል ላይ ሌላም ውስብስብ ነገር አለ፤ የትኛው ዘመን ሕግ ነው የሚፈርደው? በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 5 እና 6 መሠረት ሰው የሚቀጣው ጥፋቱን በፈጸመበት ጊዜ በነበረው ሕግ ነው፤ አዲሱ ሕግ የሚያቀልለት ከሆነ ብቻ አዲሱ ይሠራለታል። እንግዲህ በ1990 ዓ.ም. የደፈረ ሰው አዲሱ ሕግ ከጸና በኋላ ቢያዝ፣ ዳኛው 15 ዓመት ሳይሆን የድሮውን 10 ዓመት ጣሪያ አድርጎ ይይዛል። ይርጋም አለ፤ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ የማቅረቢያው ጊዜ 20 ዓመት ነው። በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ለከባድ ወንጀል የሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ብቻ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለእውቀት ብቻ አይደለም፤ «ወደ ፊት አየዋለሁ» ብሎ በልቡ የያዘ ካለ፣ ጊዜው እየሄደ መሆኑን እንዲያውቅ ነው።

እንግሊዝ ይህን ጥያቄ በግልጽ መልሳዋለች። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲህ ወሰነ፦ ዳኛው የዛሬውን የቅጣት መለኪያ ይጠቀማል፣ ነገር ግን ጥፋቱ በተፈጸመበት ዘመን ከነበረው ከፍተኛ ቅጣት አያልፍም፤ ዓመታት ማለፋቸው ብቻውንም ማቅለያ አይሆንም። በ2013 የታወቀው የቴሌቪዥን ሰው ስቱዋርት ሆል፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በ13 ልጃገረዶች ላይ በፈጸማቸው 14 ጥፋቶች አመነ፤ 15 ወር ተፈረደበት። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ወደ 30 ወር አሳደገው። ከዚያ ብዙም መውጣት አልቻለም፤ የድሮው ሕግ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነበርና።

እኛንም በቀጥታ የሚነካ ታሪክ አለ፤ ስለሚያሳፍረን አልዘለውም። በካናዳ የፕሪንስ ጆርጅ ጳጳስ የነበሩት ሁበርት ኦኮነር፣ በ1960ዎቹ የአገሬው ተወላጆች የአዳሪ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሳሉ በወጣት ሴቶች ላይ ፈጽመዋል በተባለው በደል እ.ኤ.አ. በ1991 ተከሰሱ። ክሱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1996 ጥፋተኛ ተብለው 2 ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው፤ በ1998 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ሦስተኛ ክርክር ከማድረግ ይልቅ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ከሳሿ በተስማማችበት በአልካሊ ሌክ መንደር የአገሬው ሰዎች «የፈውስ ክብ» የሚሉት ጉባኤ ተደረገ፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ጳጳሱም ይቅርታ ጠየቁ፤ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አቆመ። ከእኛ ሽምግልና ጋር ሲመሳሰል ታያላችሁ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እዚያ ጉባኤውን ማድረግ ወይም አለማድረግ በተበዳይዋ እጅ ነበር፤ ሰባት ዓመት በፍርድ ቤት ከታገለች በኋላም በድካም የመረጠችው ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ አብሮ ይኖራል። እኔ ስለዚያ ጉባኤ ባሰብሁ ቁጥር ሐሳቤ ይከፈላል።

የቤተ ክርስቲያንም ሕገ ቀኖና ከዚህ ተምሯል ማለት ይቻላል፤ ዘግይቶ ቢሆንም። በሕፃናት ላይ ለሚፈጸም በደል የቀኖናው ይርጋ እ.ኤ.አ. በ2001 ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ 10 ዓመት ነበር፤ በ2010 ወደ 20 ዓመት ተራዘመ፤ ቅድስት መንበር ከዚያም በላይ ልታነሣው ትችላለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በግንቦት 2019 ጳጳሳት ጭምር የሚጠየቁበትን ሥርዓት ደነገጉ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ በእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ላይ የነበረውን ጳጳሳዊ ምስጢር አነሡ። «በውስጥ ይለቅ» የሚለው አሮጌ ስምምነት ቢያንስ በሕግ ደረጃ ተሽሯል።

አሁን ወደ ዛማሌክ እንመለስ። በሰው ቤት ሠርታ የምትኖር እኅታችሁ፣ ከዚህ ወይም ከአገር ቤት የቆየ ነገር ይዛ፣ «ሽማግሌ ልከውብኝ ገንዘብ ሰጡኝ፤ ፈርሜያለሁ፤ አልቆ ይሆን?» ብላ ብትጠይቃችሁ ምን ትሏታላችሁ? ከላይ ያየናቸው ፍርድ ቤቶች በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ የሁለት ወገን ስምምነት ለዳኛ የሚቀርብ ቃል ነው እንጂ የዳኛውን ፍርድ የሚተካ አይደለም። ያ የፈረመችው ወረቀት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ፊት የጠለፋን ወይም የመድፈርን ወንጀል አያጠፋም። የተፈረመበትን ቀን፣ አብረው የነበሩትን ሰዎች ስም፣ የተሰጣትን ገንዘብ ልክ በደብተር እንድትጽፍ ንገሯት፤ ወረቀቱንም አትቅደድ። የሕክምና ማስረጃ ካላት ቅጂውን ለምታምነው ሰው ትስጥ። ከዚያ ጠበቃ ፈልጉላት፤ ሽማግሌ አይደለም።

የአንቀጽ 149ን ቃል እንደ ገና ባነበብሁት ቁጥር አንድ ነገር ዓይኔን ይስበዋል። ዳኛው ዐቃቤ ሕጉን ይጠይቃል፤ ተከሳሹን ይጠይቃል። ሦስተኛዋ፣ ነገሩ የደረሰባት፣ በዚያ አንቀጽ ውስጥ ስሟ አልተጠራም።